ለጋው ሯጭ ከእኩዮቹ ጋር ይሩጥ



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሩጫ ነው። «ሩጫና ገበሬ ምን አገናኛቸው?» የሚል ቢኖር፣ ከታላላቆቹ ሯጮቻችን ብዙዎቹ የተገኙት ከገበሬ ቤት መሆኑን ያስታውስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የ17 ዓመት ልጅ ፈጣን ሆኖ ይገኛል። ሁለት መንገድ ይቀርብለታል። አንደኛው ከእኩዮቹ ጋር በወጣቶች ውድድር መሮጥ ነው። ሁለተኛው ለአዋቂዎች ሻምፒዮና ተመርጦ፣ ጡንቻቸው ከጠና ሰዎች ጋር መሰለፍ ነው። የአዋቂዎቹ ስም አለው፤ ገንዘብም አለው። የወጣቶቹ የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ስለዚህ አጎቱም ጎረቤቱም ተሰብስቦ «ምን ትጠብቃለህ? ሂድ እንጂ!» ይለዋል። እርሱም ቦርሳውን አንጠልጥሎ ከሆሳዕና መናኸሪያ በአዲስ አበባ አውቶቡስ ይሳፈራል።

እኛ ግን እስቲ ቆም በሉ እንላለን።

ያ አውቶቡስ በስልጤና በጉራጌ አገር በኩል ያልፋል። ሰለሞን ባረጋ የጉራጌ ተወላጅ ነው፤ ጎረቤታችን ማለት ነው። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ገና የ16 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በፖላንድ አገር ከ20 ዓመት በታች በሆኑት የዓለም ሻምፒዮና በ5,000 ሜትር አንደኛ ወጣ። በዓመቱስ ምን አደረገ? ናይሮቢ ሄዶ፣ ከ18 ዓመት በታች ከሆኑት ጋር 3,000 ሜትር ሮጠ፤ አሸነፈም። በአዋቂዎቹ የዓለም ሻምፒዮና ለንደን ላይ የተሰለፈው ከዚያ በኋላ፣ በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ነው። 5ኛ ሆነ።

በዚያ ሩጫ ማን አንደኛ ወጣ? የእኛው ሙክታር እድሪስ ነው። እንግሊዛዊውን ሞ ፋራህን በገዛ አገሩ ቀደመው። ሙክታርም በ2004 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ የወጣቶች የዓለም ሻምፒዮን ነበር። ከአንዱ ድል እስከ ሌላው 5 ዓመት አለፈ።

5 ዓመት በዛ? እንሰት የሚያለማ ሰው እንዲህ አይልም። ችግኙን እንተክላለን፤ ነቅለን እናዛውራለን፤ እንደገና እናዛውራለን፤ ዓመታት እንጠብቃለን። ሳይደርስ የተቆረጠ እንሰት ምን ቆጮ ይወጣዋል? ሴቶቻችን በከንቱ ሲፍቁ ይውላሉ እንጂ። የልጅ አጥንትና ጅማትም ገና እያደገ ነው። ልምምድ ሲበዛበት ይጎዳል። በዓለም ሻምፒዮና ደንብም ከ20 ዓመት በታች የሆኑ ወጣቶች ማራቶን እንዳይሮጡ ተከልክለዋል።

በአጭር ርቀትም ያው ነው። ጃማይካዊው ዩሴን ቦልት በሐምሌ 1994 ዓ.ም. በ15 ዓመቱ በአገሩ የወጣቶችን 200 ሜትር አሸነፈ። (በዚያው ሜዳ የእኛዋ መሠረት ደፋር በ3,000ም በ5,000ም ወርቅ ወስዳለች።) በ1996 ዓ.ም. አቴንስ ኦሊምፒክ ሲገባ ግን፣ እግሩን ታሞ በመጀመሪያው ማጣሪያ ቀረ። ወርቁን ያገኘው ከ4 ዓመት በኋላ ቤይጂንግ ላይ ነው።

እርግጥ ሁሉም አንድ አይደለም። ጥሩነሽ ዲባባ በ1995 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ በ18 ዓመቷ አዋቂዎቹን አሸንፋለች። እንዲህ ያለች ስንት ጊዜ ትወለዳለች? እርሷም ብትሆን አስቀድማ ከእኩዮቿ ጋር ሮጣለች።

አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ዕድሜውን ቀንሶ ከልጆች ጋር የሚገባ ሰው አለ። እንዲህ ያለው የለጋውን ልጅ ቦታ ይሰርቃል። ልጃችሁ ሲወለድ ቀኑን በቀበሌ አስመዝግቡ፤ ወረቀቱንም አስቀምጡ። እናንተ ዛሬ ማንበብ ስለምትችሉ፣ የተጻፈው ቀን ትክክል መሆኑን ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ሰለሞንስ ወዴት ደረሰ? ሐምሌ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሊምፒክ 10,000 ሜትር ሮጠ። የርቀቱን የዓለም ክብረ ወሰን የያዘው የኡጋንዳው ጆሹዋ ቼፕቴጌም አብሮት ነበር። በመጨረሻው ዙር ሰለሞን ወደ ፊት ወጣ፤ ማንም አልደረሰበትም። ዕድሜው 21 ነበር። የዚያ ኦሊምፒክ የመጀመሪያው የአትሌቲክስ ወርቅ የእርሱ ሆነ።