ከማን ጋር ነው የምትጫወተው?

ስልኩን ለልጅ ትታችሁ ገበያ የምትውሉ ወላጆች፣ አንድ ነገር ላንሳላችሁ።

ፍሪ ፋየርን በመሰለ የስልክ ጨዋታ ልጁ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይጫወትም። እስከ አራት ሆነው ቡድን ይመሠርታሉ፣ በማይክ ያወራሉ፤ ሌሎቹ እነማን እንደሆኑ ብዙ ጊዜ ልጁም አያውቅም። «ስንት ዓመትህ ነው? ቤት ማን አለ? ቴሌግራም ላይ እንገናኝ፣ ዳይመንድ እልክልሃለሁ» የሚል ከመጣ ነገሩ ከጨዋታ ወጥቷል። ዳይመንድ የጨዋታው ገንዘብ ነው፤ ልጅ የሚታለለውም በእሱ ነው።

ስልኩን መንጠቅ መፍትሔ አይመስለኝም፤ ጎረቤት ሄዶ ይጫወታል። ይልቅ አንድ ቀን አጠገቡ ቁጭ በሉና ያሳያችሁ። የማያውቀውን ሰው ድምፅ ይዝጋ፤ ጓደኛ የሚያደርገውም በአካል የሚያውቀውን ብቻ ይሁን። ልጁ ተታልሎ እንዳይሰጥባችሁ የቴሌብር ሚስጥር ቁጥራችሁን ደግሞ ለራሳችሁ ያዙ። (ስንቱ ወላጅ ነው ብር ሲልክ ቁጥሩን በልጁ የሚያስመታው!)

ልጃችሁን ነውር ነገር የጠየቀ ሰው ካለ መልእክቱን አታጥፉት፤ ለፖሊስ ማስረጃ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን በጽኑ እስራት ይቀጣል። ልጁን ግን አትቆጡት፤ ከተቆጣችሁት ሁለተኛ አይነግራችሁም።