ሙያው ተሻግሮ ፈቃዱ ሲቀር
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ ዓመት ስብሰባ ላይ ንግግር እንዳደርግ ስጋበዝ፣ ከአንድ ሲቪል መሐንዲስ የሚጠበቀው ስለ ድልድይ ወይም ስለ ኮንክሪት መናገር እንደ ሆነ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ይሁን እንጂ ከመካከላችን ብዙዎቹ ነርሶች ናቸው፤ ነርስ ያልሆነውም ቢሆን ነርስ የሆነች እኅት ወይም ሚስት የሌለችው ጥቂት ነው። ስለዚህ ባለቤቴ የነርስነት ፈቃዷን ከቨርጂኒያ ወደ ካሊፎርኒያ ለማዛወር ስትደክም ያየሁትንና የተማርኩትን ላካፍላችሁ መርጫለሁ። የምናገረው እንደ ሕግ አዋቂ ሳይሆን ነገሩ በቤቱ እንደ ደረሰበት ሰው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካላመለከትኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንደሚታወቀው በዩናይትድ ስቴትስ የነርስነትን ፈቃድ የሚሰጠው ማዕከላዊው መንግሥት ሳይሆን እያንዳንዱ ስቴት ነው። የመጀመሪያውን የነርሶች ምዝገባ ሕግ ያወጣችው በ1903 ሰሜን ካሮላይና ነበረች፤ ቨርጂኒያም በዚያው ዓመት ተከትላታለች። ፈተናው ግን አገር አቀፍ ነው። ኤንክሌክስ የሚባለው ፈተና በ1982 ተጀምሮ፣ ከ1994 ወዲህ በኮምፒዩተር የሚሰጥ ሲሆን፣ በአንዱ ስቴት ያለፈው ሰው በሌላውም እንዳለፈ ይቆጠራል። ስለሆነም ባለቤቴ ዳግመኛ እንድትፈተን አልተጠየቀችም። የተጠየቀችው በኢንዶርስመንት፣ ይኸውም ቀድሞ ፈቃድ የሰጣት ስቴት በሚሰጠው ማረጋገጫ ላይ ተመሥርቶ፣ አዲስ ፈቃድ እንዲሰጣት ማመልከት ብቻ ነው። ይህን የሰማ ሰው ነገሩ የወረቀት ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል። እኔም እንዲሁ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ስሕተታችን የተነሣው ካለማወቅ ነው። በ2000 ሥራ ላይ የዋለና በ2018 የታደሰ የስቴቶች ስምምነት አለ፤ በእንግሊዝኛው ኮምፓክት ይሉታል። በዚህ ስምምነት ከገቡት ስቴቶች በአንዱ የምትኖርና የብዙ ስቴት ፈቃድ ያላት ነርስ፣ በስምምነቱ ውስጥ ባሉት በሌሎቹ ሁሉ ልትሠራ ትችላለች። ዛሬ አባል የሆኑት ስቴቶች ከ40 በላይ ናቸው፤ ቨርጂኒያም አንዷ ናት። የባለቤቴ ፈቃድ «የብዙ ስቴት» የሚል ቃል ስለ ነበረበት፣ «ብዙ» ማለት «ሁሉ» ማለት መስሎን ዕቃችንን ጭነን ተነሣን። ካሊፎርኒያ ግን በስምምነቱ ውስጥ አልገባችም። የባሰውም ነገር፣ ነርሷ መኖሪያዋን ከስምምነቱ ውጭ ወደ ሆነ ስቴት ስታዛውር፣ የብዙ ስቴት ፈቃዷ ወደ አንድ ስቴት ፈቃድ ዝቅ ይላል። ይህን ያወቅነው ከደረስን በኋላ ነው።

ሁለተኛው ችግር የመጣው ከራሳችን ስምና ከራሳችን ዘመን አቆጣጠር ነው። ባለቤቴ በነርስነት የተመረቀችው አገር ቤት ስለ ሆነ፣ ትራንስክሪፕቷን ትምህርት ቤቱ ራሱ በቀጥታ ለቦርዱ መላክ ነበረበት፤ የንድፈ ሐሳቡንና የተግባሩን ትምህርት በየክፍሉ ዘርዝሮ የሚያሳየውንም ቅጽ እንዲሁ። እርሷ በእጇ የያዘችው ቅጂ፣ የቱንም ያህል ማኅተም ቢደረደርበት፣ ዋጋ የለውም። ወረቀቱ ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ሲደርስ ግን የአባቷ ስም ከፓስፖርቷ ጋር አልገጠመም። በ«ጸ» የሚጀምረው ስም በፓስፖርቷ ላይ በ«ቲ» እና በ«ኤስ» ሲጻፍ፣ በትምህርት ቤቱ መዝገብ የተጻፈው በ«ኤስ» ብቻ ነበር። የምረቃው ዓመትም በአንዱ ወረቀት 2002፣ በሌላው 2010 ይላል። እኛ ሁለቱ አንድ ዓመት እንደ ሆነ እናውቃለን፤ የፊተኛው በኢትዮጵያ፣ የኋለኛው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ፋይሉን ለሚመረምር ባዕድ ሰው ግን በመካከሉ ስምንት ዓመት የጎደለበት ታሪክ ነው። መርማሪውን ልወቅስ አልችልም፤ እኔም ሁለት ልክ የተጻፈበት ፕላን ቢቀርብልኝ እመልሰዋለሁ።

ሦስተኛውን ችግር ስነግራችሁ ትስቁ ይሆናል። ለወንጀል መዝገብ ምርመራ የሰጠችው የጣት አሻራ አይነበብም ተብሎ ተመለሰ። አሻራውን የሚያነሣው ሰው ሥራዋን ጠይቆ ነርስ መሆኗን ሲሰማ፣ እጃቸውን ዘወትር በሳሙና ከሚታጠቡ ሰዎች እንዲህ ያለ አሻራ እንደሚያጋጥመው ነገራት። ለሙያው የታጠበው እጅ ለሙያው ፈቃድ ዕንቅፋት ሆነ ማለት ነው።

በዚህ ሁኔታ ሰባት ወር አለፈ። የእኛ የመሐንዲሶቹ ዕድል ከዚህ የተለየ እንደ ሆነ ልብ በሉ። የካሊፎርኒያ ፈቃድ ያልነበረኝ እኔ፣ ፈቃድ ባለው መሐንዲስ ኃላፊነት ሥር ሆኜ በደረስኩ በሁለተኛው ሳምንት ሥራ ጀምሬአለሁ። ነርስ ግን እንዲህ ያለ ጥላ የላትም፤ ፈቃዱ እስኪሰጣት ድረስ የነርስነትን ሥራ ልትሠራ ቀርቶ በነርስነት ማዕርግ ልትጠራም አትችልም። ስድስት ዓመት በሆስፒታል ያገለገለች ሴት የቤቱ ኪራይ በእኔ ደመወዝ ብቻ ሲከፈል እያየች ተቀመጠች።

አሁን የምነግራችሁ የሚያኮራኝ ነገር አይደለም። በአምስተኛው ወር አንድ የምናውቀው ሰው፣ በሚያስተዳድረው አነስተኛ የአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ስለ ጎደለው፣ ወረቀቱ እስኪመጣ ድረስ ሥራ እንድትጀምር ጠየቃት። እርሷ እንቢ አለች። እኔ ግን ወጪው አስጨንቆኝ ስለ ነበር፣ «ስድስት ዓመት የሠራሽው ሥራ አይደለም ወይ? የቀረው ወረቀት ብቻ ነው» አልኳት።

ጥቂት ዝም ብላ፣ «አንተ በቨርጂኒያ ማኅተምህ እዚህ የሚሠራውን ድልድይ ፕላን ትፈርማለህ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። በዚያ ሳምንት ማታ ማታ የማጠናው ካሊፎርኒያ ከሲቪል መሐንዲሶች የምትጠይቀውን የመሬት መንቀጥቀጥ ፈተና ነበር። ይህን ፈተና ከንቱ ነው ብዬ አላውቅም፤ በዚያ አገር መሬቱ ራሱ የተለየ ነውና። የካሊፎርኒያ የሲቪል መሐንዲሶች ሕግ እንዴት እንደ ወጣም አውቃለሁ። በመጋቢት 1928 ከሎስ አንጀለስ በስተሰሜን የነበረው የሴንት ፍራንሲስ ግድብ በእኩለ ሌሊት ፈርሶ ከ400 የማያንሱ ሰዎች አለቁ። ግድቡን ያሠራው ዊልያም ሙልሆላንድ በዚያው ዕለት ጠዋት ቦታውን አይቶ የሚያሠጋ ነገር የለም ብሎ ሄዶ ነበር። የፈቃዱ ሕግ በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1929፣ ወጣ። እንግዲህ እኔ «ወረቀት ብቻ» ያልኩት ነገር በራሴ ሙያ የሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ የተጻፈ ነው።

ከእናንተ አንዱ፣ «መሬቱስ ይለያያል፤ የበሽተኛው ኩላሊት ግን በሪችመንድም ሆነ በሳክራሜንቶ አንድ አይደለም ወይ?» ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል። እውነት ነው፤ ዕውቀቱ አንድ ነው፤ ፈተናውም አንድ የሆነው ስለዚህ ነው። ነገር ግን ፈቃድ የዕውቀት ምስክር ብቻ አይደለም። ስቴቱ ለሕዝቡ፣ «ይህች ነርስ ብታጠፋ የምትከሰስበት፣ የምትመረመርበትና ፈቃዷን የምትነጠቅበት ደጅ እኔ ነኝ» ብሎ የሚገባው ቃል ነው። ዲፕሎማ የሚናገረው ስላለፈው ነው፤ ፈቃድ ግን ወደ ፊት ለሚሆነው ተጠያቂ ያቆማል። በዚያ መጦሪያ የሚተኙት አረጋውያን የባለቤቴን ችሎታ የሚያውቁበት መንገድ የላቸውም። ያላቸው ዋስትና ያ ወረቀት ብቻ ነው።

ይህን ስል መዘግየቱ ሁሉ ተገቢ ነው ማለቴ አይደለም። ከ40 በላይ የሆኑት ስቴቶች መመዘኛቸውን አስተካክለው፣ የቅጣት መዝገባቸውን ለመለዋወጥ ተስማምተው፣ ተጠያቂነቱ ሳይላላ ነርሷ ድንበር የምትሻገርበትን መንገድ አበጅተዋል። ሌሎቹም ቢገቡበት የሚጠቀመው በሽተኛው ነው። እስከዚያው ድረስ ግን እኛ በእጃችን ያለውን እናድርግ።

አንደኛ፣ ከመነሣታችሁ በፊት የምትሄዱበት ስቴት በስምምነቱ ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ። ካለ፣ በቀድሞው ፈቃድ ሥራ መጀመር ይቻላል፤ ሆኖም መኖሪያ ከለወጡ በ60 ቀን ውስጥ በአዲሱ ስቴት ማመልከት ግዴታ ነው። ከሌለ፣ ቤት ከመልቀቃችሁ በፊት አመልክቱ። ሁለተኛ፣ በሁሉም ወረቀት ላይ ስማችሁ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን፣ ዘመኑም በየትኛው አቆጣጠር እንደ ሆነ መገለጹን መርምሩ። ሦስተኛ፣ አገር ቤት የተማራችሁ ትምህርት ቤቱን የሚከታተልላችሁ ሰው በውክልና አቁሙ። አራተኛ፣ ገቢ ለማይኖርባቸው ወራት የሚሆን ገንዘብ አስቀምጡ፤ ሰውን ወደማይገባ ሥራ የሚገፋው ብዙ ጊዜ ክፋት ሳይሆን ያልተከፈለ ኪራይ ነውና።

ከማኅበራችንም የምለምነው አንድ ነገር አለ። በየስቴቱ ይህን መንገድ የሄዱ አባሎች ያለፉበትን ጽፈው ቢያስቀምጡና ከእነርሱ በኋላ የሚመጣው አንብቦ ቢነሣ፣ እኛ ሰባት ወር የፈጀንበትን ሌላው ባጠረ ጊዜ ይጨርሰዋል።

የባለቤቴ ፈቃድ በስምንተኛው ወር መጀመሪያ ላይ መጣ። ዛሬ ማታ ተረኛ ስለ ሆነች ከእኛ ጋር አልተገኘችም። ይህን ንግግር ግን አስቀድማ አንብባ፣ እኔን የሚያሳፍረውን ክፍል እንዳላወጣ አደራ ብላኛለች።