የማይረጋ ኑሮ

(በልደታ ለተሰበሰቡ ተማሪዎችና መምህራን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ የመንፈስ አለመርጋት ነው። ይህ ነገር በሦስት ቦታ ይታያል። በሥራ ላይ፥ ሰው የያዘውን ሳይጨርስ ሌላ ይመኛል። በቤት ውስጥ፥ አካሉ ከቤተ ሰቡ ጋር ተቀምጦ ልቡ ውጭ ይውላል። በአደባባይ፥ ዛሬ ያጨበጨበለትን ነገ ያወግዛል። ብዙዎች ይህ ሁሉ የመጣው ከትዕግሥት ማነስ ነው ይላሉ፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያሉም ይመክሩናል። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጎጆው በየጊዜው የሚነሣበት እንቁላል መቼ ይፈለፈላል?

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ያለንበትን ልደታን እንመልከት። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ ወዲህ፥ በዚህ ሰፈር ብዙ ሰው በጥቂት ብር ኪራይ በቀበሌ ቤት ይኖር ነበር። ቤቱ ጠባብ፥ ጣራው ዝገት የበላው፥ መጸዳጃውም የጋራ ነበር። ስለዚህ ያ ኑሮ ሁሉ የሚናፈቅ ነው አልልም። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ሲፈርስ ነዋሪው ተበተነ፤ ብዙው ወደ ከተማው ዳርቻ ሄደ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በኮሪደር ልማት ምክንያት የፒያሳና የሌሎች ሰፈሮች ሰዎች ተነሡ።

እንግዲህ ነገ እነሣለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው ምን ያደርጋል? የሚያፈሰውን ጣራ አይጠግንም፤ ዛፍ አይተክልም። ከተነሣም በኋላ መኖሪያውና ሥራው ስለሚራራቁ ጎሕ ሳይቀድ ይወጣል፤ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ይገባል። ጎረቤቱን የሚያውቅበት ጊዜ የለውም። ጎረቤቱን የማያውቅ ሰው ደግሞ በአደባባይ የሚመራው ወሬ ነው። እንደ እኔ አስተያየት፥ አለመርጋት የሚጀምረው ከጠባይ አይደለም፤ ነገም እዚሁ እገኛለሁ የሚለው ተስፋ ሲጠፋ ነው።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ሁሉም ባለበት ይቅር ማለት አይደለም። ዕድራችንን ተመልከቱ። አባሉ በየወሩ መዋጮውን ይከፍላል፤ ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን ይተክላል፤ ስም ሲጠራ ካልተገኘ ይቀጣል። ከሰፈራቸው ተነሥተው ርቀው ከሄዱት መካከል፥ ወር በመጣ ቁጥር ታክሲ እየቀያየሩ ወደ ቀድሞው ዕድራቸው የሚመለሱ አሉ። ቤታቸው ፈርሷል፤ ስማቸው ግን ከመዝገቡ አልተፋቀም። ስለዚህ ሰውን የሚያረጋው ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ በቀረ ጊዜ «ምን ነካው?» ብሎ የሚጠይቀው ወገን መኖሩም ነው።

በመጨረሻ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ ከመካከላችን ነገ የከተማ ፕላን የሚያወጣ፥ ሕግም የሚያረቅ ይኖራል። እርሱ ሰፈር በሚያነሣበት ጊዜ ቤቱን ብቻ ሳይሆን ዕድሩንም ይቍጠር፤ ጎረቤትም ከጎረቤቱ ጋር እንዲሰፍር ያድርግ። ሁለተኛ፥ እያንዳንዳችን ብንቀር የምንጠየቅበት አንድ ሥራ፥ አንድ ማዕድና አንድ ማኅበር ይኑረን፤ ስማችንም ሲጠራ «አለሁ» እንበል።