የጓሯችን በረከትና የፈንግል ነገር
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ጓሮና ስለ ዶሮ ነው። ስለ ቀብርና ስለ ድንኳን በሚወራበት እድር ይህ ምን ይሠራል የምትሉ ትኖራላችሁ፤ እስከ መጨረሻው ብትሰሙኝ ነገሩ የእድር ነገር መሆኑን ታዩታላችሁ።

የእኔን ቤት ያቆመው የጽሕፈት ቤት ደመወዝ ብቻ አልነበረም። የልጆቹ ደብተርና እርሳስ ከባለቤቴ ዶሮዎች የወጣ ነው። እኔ ቢሮ ስውል እሷ ጎመኑንና ቆስጣውን በእጣቢ ታጠጣለች፥ ነጭ ሽንኩርቱን ትኮተኩታለች፥ የዶሮውን ኩስ ከአመድና ከጥራጊ ጋር ጉድጓድ ውስጥ አብስብሳ መደቡ ላይ ትበትናለች። አንድ ጊዜ እኔ እርጥቡን ኩስ በትኜ ችግኙን ስላቃጠልኩባት እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች። በሁዳዴ 55 ቀን እንቁላል ገዢ ሲያጣ ጓሮው ያበላናል፤ እንቁላሉን ደግሞ ዶሮዋ ታቅፋው በ21 ቀን ጫጩት ይሆናል፤ ለእንቁጣጣሽ ቄብ ሆኖ ይደርሳል። ለጥር 21 ለማርያም እንግዳ ሲመጣም እጃችን ባዶ ሆኖ አያውቅም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። በእኛ በመርጡለ ማርያም ፈንግልን የማያውቅ ቤት የለም። ብዙ ጊዜ ክረምቱ ሊገባ ሲል ይመጣል። ዶሮዋ ታንቀላፋለች፥ ክንፏን ትጥላለች፥ አረንጓዴ ያስቀምጣታል፥ አንገቷ ይጠማዘዛል፤ በሳምንት ውስጥ ቆጡ ባዶ ይቀራል። ፈረንጆቹ ኒውካስል ይሉታል። መድኃኒት የለውም። ሎሚም ግተናል፥ አረቄም ግተናል፤ አላዳነም።

በ2009 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ከ12 ዶሮዎቻችን ሦስቱ ባንድ ሌሊት ሞቱ። ባለቤቴ «የቀሩት ከግቢ እንዳይወጡ» አለች። እኔ ግን ሳይሞቱ ገንዘብ ይሁኑ ብዬ አራቱን ገበያ አወጣኋቸው። ሁለቱን የገዛችኝ የዚሁ እድር አባል የሆነች፥ ባሏ የሞተባት እናት ናት። በሳምንቱ የእሷም ዶሮዎች አለቁ። መዋጮዋን የምትከፍለው ከእንቁላል ነበርና ሁለት ወር አሳለፈች። ያን ጊዜ ጸሐፊያችሁ እኔ ነበርኩ፤ ከስሟ ጎን ቅጣት የጻፍኩባትም እኔው ነኝ።

ዓመታት ዝም አልኩ። አምና ቤቷ ሄጄ እውነቱን ነገርኳት። «አንገታቸው ሲዞር ያየሁ ዕለት አውቄዋለሁ፤ ራስዎ እስኪነግሩኝ ነው የጠበቅሁ» አለችኝ። የቅጣቱን ገንዘብና ሁለት ቄብ ሰጠኋት። ስሟን ሳልጠራ እንድናገርም ፈቅዳልኛለች።

ወገኖቼ፥ ለፈንግል ክትባት አለው፤ በአገራችን በቢሾፍቱ ይመረታል። ዓይን ላይ ጠብ የሚደረግ አለ፥ በውኃ የሚጠጣም አለ። የሚከተበው ግን ጤነኛው ነው፤ የታመመውን አያድንም፤ በየጥቂት ወሩም መደገም አለበት። ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ነው፤ አንዴ ከተበጠበጠ ደግሞ ሳያድር ማለቅ አለበት። ስድስት ዶሮ ያላት ሴት ብቻዋን ብታስከፍተው ቀሪው ይደፋል። ስለዚህ ሁሉም ይተወዋል። ታዲያ ይህ የእድር ነገር አይደለም ትላላችሁ? ማናችን ነን ብቻችንን ድንኳን የገዛን? በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ የተሻለ ዘር በብዙ ብር የሚገዛ ሰው አለ፤ ጉዳቱም በዚያው ልክ ነው።

ስለዚህ የማሳስበው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ እያንዳንዱ ቤት የዶሮውን ቁጥር ለኮሚቴው አስመዝግቦ፥ ክረምት ሳይገባ ባለሙያ ጠርተን ባንድ ቀን እናስከትብ፤ ወጪውን በዶሮ ቁጥር እንካፈል። ሁለተኛ፥ ዶሮ የሞተበት ሰው ለጎረቤት ይንገር፤ የሞተውን በጥልቅ ይቅበር፤ የቀረውን ገበያ አያውጣ። ሦስተኛ፥ አዲስ የተገዛ ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻው ይዋል።

አምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለአምሳ ሰው ጌጡ ነው። ይህ ሐሳቤ በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍርልኝ እጠይቃለሁ፤ የእኔም ጥፋት አብሮ ይጻፍ።