በእንቅርት ላይ ደም ማነስ

በአምበር ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



አባቶቻችን መከራ ሲደራረብ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይላሉ። ዛሬ የምንነግራችሁም ስለ ሁለት የተደራረቡ ሕመሞች ነው፤ ስለ እንቅርትና ስለ ደም ማነስ።

አስቀድመን ጥፋታችንን እንናገር። ከዚሁ አካባቢ አንዲት እኅታችን ድካም በርትቶባት ወደ እኛ መጣች። የዓይኗን ቆብ ገልጠን ብናይ ነጥቷል። የብረት እንክብል ሰጥተን ሸኘናት። ተመልሳ መጣች፤ ደግመን ሰጠናት። ቤተ ሰቦቿ «ሰነፈች» ይሏት ጀመር፤ እኛም እንክብሉን አልዋጠችም ብለን ጠረጠርናት። ነጠላዋን ከአንገቷ ገለጥ አድርገን ያየነው በሦስተኛው ጊዜ ነው። እንቅርቷን ለዓመታት ሸፍናው ኖራለች። ብርድ አይለቃትም፤ ሆዷ ይደርቃል፤ የወር አበባዋም ይበዛል። እኛ ግን ይህን አልጠየቅናትም ነበር። ወደ ሆስፒታል ልከናት ደሟ ሲመረመር የታይሮይድ ዕጢዋ መድከሙ ታወቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንገት ፊት ያለው የታይሮይድ ዕጢ ከአዮዲን የሚሠራው ሆርሞን የመላ ሰውነትን ሥራ ያንቀሳቅሳል። ሆርሞኑ ሲያንስ ደም የሚሠራው የአጥንት መቅኔም ይቀዘቅዛል። የወር አበባ ሲበዛ ደግሞ ብረት ከሰውነት ይወጣል። ዕጢው በበኩሉ አዮዲንን ወደ ሆርሞን ለመለወጥ ብረት ያስፈልገዋል። በኮትዲቯርና በሞሮኮ እንቅርት ባለባቸው ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ብረት ያነሰው ልጅ አዮዲን ቢያገኝም እንደሚገባው እንደማይጠቀም አሳይተዋል። አንዱ ጉድለት ሌላውን ይጎትታል። እንቅርት ያለበት ሁሉ ግን ዕጢው ደክሟል ማለት አይደለም፤ የሚለየው ምርመራ ነው።

በደጋ አገር ዝናቡ አዮዲኑን ከአፈሩ ያጥበዋል፤ እህላችንም ከአፈሩ የሚያገኘው ያንሳል። በ2003 ዓ.ም. ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ መንግሥት ደንብ አወጣ። በዚያው ዓመት በአገር አቀፍ ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶ ቤት በ15 ያህሉ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 89 ደርሷል። ትልቅ ነገር ነው።

እንግዲህ በየቤታችን፦ አዮዲን ያለውን ጨው እንግዛ፤ ከፀሐይና ከእርጥበት ጠብቀን ከድነን እናስቀምጠው፤ ወጡ ሲወጣ እንጨምረው። ቡናና ሻይ ብረትን ስለሚይዙ ከምግብና ከእንክብሉ እናርቃቸው። የታይሮይድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በባዶ ሆዱ ይውሰድ፤ የብረቱን እንክብል ከአራት ሰዓት በኋላ ይዋጥ። ነፍሰ ጡሮች ክትትላቸውን አያቋርጡ፤ የእናት አዮዲን ማነስ የልጁን አእምሮ ይጎዳልና።

ሠራተኞች ሆይ፤ ደም ያነሰው ሰው ብረት ወስዶ ካልተሻለው አንገቱን እዩ፤ ጠይቁትም። እንቅርት ያለበትንም ስለ ደሙ መርምሩት።

ያች እኅታችን መድኃኒቷን እየወሰደች ዛሬ ውኃ ትቀዳለች፤ ገበያ ትወጣለች። ሰነፍ አልነበረችም፤ ታማ ነበር። ከእንግዲህ ሰውን ሰነፍ ከማለታችን በፊት ነጠላው የሸፈነውን እንይ።