ወንዙ መቼ ይመለሳል?

(ስለ ዋቢ ሸበሌ ወንዝ፣ ስለ ድርቅና ስለ ትንበያ ለአጥቢያ ጉባኤያት ተወካዮችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



በድርቅ ሥራ የተሰማራን ሁሉ በየደረስንበት የምንጠየቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ወንዙ መቼ ይመለሳል?» የሚል ነው። እረኛው ይጠይቃል፤ በወንዙ ዳር በቆሎ የሚዘራው ይጠይቃል፤ «እስከ መቼ እንርዳ?» የሚል ጉባኤም ያንኑ መጠየቁ ነው። ዛሬ ይህን ጥያቄ በዋቢ ሸበሌ ምሳሌነት እንመለከተዋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

እንደሚታወቀው ዋቢ ሸበሌ ከአርሲና ከባሌ ደጋ ተነሥቶ በኢሚ፣ በጎዴ፣ በቀላፎና በሙስታሂል በኩል አልፎ ወደ ሶማሊያ ይዘልቃል፤ በዚያም በለድዌይንን አቋርጦ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ውኃው በአብዛኛው የሚመጣው ከደጋው ነው። ቆላው ዝናብ አጠር በመሆኑ ለወንዙ የሚጨምርለት ጥቂት ነው፤ እንዲያውም ወንዙ ወደ ታች በሄደ ቁጥር በፀሐይ እየተነነ፣ ወደ መሬት እየሰረገ፣ ለመስኖም እየተጠለፈ ይቀንሳል። ስለዚህ በነሐሴ ወር የጎዴ ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። በአንጻሩ ጎዴ ላይ አንድ ሁለት ቀን ዶፍ ቢወርድ ወንዙ ተመለሰ ማለት አይደለም። የወንዙን ነገር ማወቅ የሚሻ ሰው ዓይኑን ወደ ባሌ ተራሮች ማንሣት አለበት።

«ወደ ልኩ ተመለሰ» ማለትስ ምን ማለት ነው? ወንዝ ዓመቱን ሙሉ አንድ ልክ የለውም። ዋቢ ሸበሌ በደህና ዓመትም ቢሆን በጥርና በየካቲት ይጎድላል፤ በሚያዝያና በግንቦት፣ ኋላም ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ይሞላል። ስለሆነም የአንድ ዓመት ሚያዝያ የሚመዘነው ከብዙ ዓመታት ሚያዝያ ጋር ነው። የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች ዝናቡን ሲመዝኑ የ30 ዓመት አማካይ የሚወስዱት ስለዚህ ነው። ደግሞም በወንዙ ዳር የሚተከለው ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ የሚነግረን የውኃውን ከፍታ እንጂ መጠኑን አይደለም። ደለል የወንዙን ወለል ከፍ ባደረገው ጊዜ፣ ሰሌዳው ያንኑ ቁጥር እያሳየ የሚያልፈው ውኃ ግን ያነሰ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ትንበያው እንምጣ። ከ2013 መፀው ጀምሮ እስከ 2015 መፀው ድረስ በምሥራቅ አፍሪካ ቀንድ ቆላዎች አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ ከሸፉ። ከ40 ዓመት ወዲህ እንዲህ ያለ አልታየም ነበር። በእነዚያ ዓመታት የሰላማዊ ውቅያኖስ የላይኛው ውኃ ቀዝቅዞ ነበር፤ ይህም ላ ኒኛ የሚባለው ነው። ላ ኒኛ ሲሆን የቆላው የመፀው ዝናብ ይደክማል፤ ውቅያኖሱ ሲሞቅ፣ ማለትም ኤል ኒኞ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ይበረታል። ውቅያኖስ ቀስ እያለ የሚለወጥ ስለሆነ ባለሙያዎች የወራትን አዝማሚያ አስቀድመው ለማየት ይችላሉ። በኬንያ የሚገኘው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከልም በዓመት ሦስት ጊዜ የየወቅቱን ትንበያ ያወጣል።

ነገር ግን ትንበያው የሚናገርበትን ቋንቋ እናስተውል። ለምሳሌ «ዝናቡ ከልክ በታች የመሆን ዕድሉ ከ100 እጅ 45፣ በልኩ የመሆን 35፣ ከልክ በላይ የመሆን 20» ቢል፣ ብዙዎቻችን «ድርቅ ነው ተባለ» ብለን እንሄዳለን። እርሱ ግን ከአምስት አንዱ ዕድል የብዙ ዝናብ መሆኑንም ነግሮናል።

ይህ በ2015 በግልጽ ታየ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ላለው ጊዜ ትንበያው ወደ ድርቅ ያጋደለ ነበር። ዝናቡ ግን በመጋቢት ጀምሮ በብዙ ቦታ ጣለ፤ ከጥቂት ወራት በፊት እጅግ ጎድሎ የነበረው ወንዝ በግንቦት በለድዌይን ላይ ከዳርቻው ወጥቶ ከ200,000 በላይ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቀለ። ኤል ኒኞ ከመጣ በኋላ ለ2016 መፀው የወጣው ትንበያ ደግሞ ወደ ብዙ ዝናብ አጋደለ፤ እንደ ተባለውም ሆነ። በዚያ ወቅት በሶማሊያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በጎርፍ ተፈናቀለ። እንግዲህ ትንበያው አንድ ጊዜ ወዳጋደለበት ሳይሆን ቀረ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ሠመረ። ይህ ትንበያን ለመናቅ ምክንያት አይሆንም፤ ትንበያን እንደ ቀጠሮ አንያዘው ለማለት ግን በቂ ነው።

ከዚህም በላይ ወንዙ ቢመለስ እንኳ ኑሮው አብሮት አይመለስም። ሣር በሳምንታት ውስጥ ይበቅላል፤ የሚግጠው ከብት ግን አልቋል። ፍየል ካረገዘች በኋላ ለመውለድ አምስት ወር፣ ላም ዘጠኝ ወር፣ ግመል አንድ ዓመት ከአንድ ወር ያህል ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ በሚያዝያ ወንዙ ሞልቶ ግመሏ በዚያው ወር ብታረግዝ፣ ቤተሰቡ ወተት የሚያገኘው በቀጣዩ ዓመት ከግንቦት ወዲህ ነው። የመጀመሪያው ደራሽ ውኃም ድፍርስና ቆሻሻ ስለሆነ ኮሌራን ሊያመጣ ይችላል። «ወንዙ ሞላ» በተባለበት ቀን የውኃውን ቦቴ ወደ ከተማ መመለስ ሕዝቡን በክፉ ሰዓት መተው ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ለሕዝቡ ቀን አንቁረጥ። በምንናገረው ቀን ተማምኖ የቀረችውን ፍየል የማይሸጥ፣ ወይም ዘሩን አስቀድሞ የሚበትን ሰው አለ፤ ቀኑ ሲያልፍ የሚከስረው እርሱ ነው። ዕድሉን ግን በሚገባው ቋንቋ፣ ሁለቱንም ወገን ሳንደብቅ እንንገረው። ከደጋው የሚወርደው ውኃ ቆላ እስኪደርስ ቀናት ይፈጅበታልና በላይ ያሉት ለታች ያሉት ስልክ ይደውሉ። የውኃ መሳቢያ ሞተሩና የዘር ጎተራው፣ ድርቅ ቢተነበይም፣ ከወንዙ ዳር ራቅ ብለው ከፍ ባለ ቦታ ይቀመጡ። ዕርዳታውንም የምናቆመው በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በምልክት ይሁን፤ ጉድጓዱ ንጹሕ ውኃ ሰጥቷል ወይ? እህሉ ታጭዷል ወይ? በቤቱ ወተት አለ ወይ? ብለን እንጠይቅ።

ነቢዩ ኤልያስም የኮራት ፈፋ በደረቀ ጊዜ ፈፋው የሚሞላበትን ቀን ሲቆጥር አልተቀመጠም፤ ተነሥቶ ወደ ሰራፕታ ሄደ።

ለጉባኤያቱ የምንለው ይህ ነው። የወንዙ መሙላት ዜና በተሰማ ጊዜ ስጦታው እንዳይቋረጥ አደራ እንላለን። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ዘርና ለእርባታ የሚሆን ፍየል ነው፤ እስከዚያው ግን እህሉና ንጹሕ ውኃው ሊቀር አይገባም። «እስከ መቼ እንርዳ?» ላላችሁን መልሳችን፣ ግመሏ እስክትታለብ ድረስ ነው።