ለአንድ ሕመምተኛ ብቻ የተቀመመ መድኃኒትና ሕጉ



የዛሬው ንግግሬ፣ የታወቀ ፈውስ የታጣለት ጽኑ ሕመምተኛ ገና በሙከራ ላይ ያለ መድኃኒት እንዲያገኝ ስለሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ2018 የወጣው የፌዴራል ሕግ፣ ሐኪምና አምራች እስከተስማሙ ድረስ፣ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩ ፈቃድ ሳይጠየቅ ሕክምናው እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ሆኖም መድኃኒቱ በሰው ላይ የሚደረገውን የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ የጨረሰ መሆን አለበት። ችግሩ የሚነሣውም ከዚህ ላይ ነው። በአንድ ሰው ጂን ላይ ለተገኘ ጉድለት ብቻ የተዘጋጀ መድኃኒት በብዙዎች ሊሞከር አይችልም፤ ሌላ ተሞካሪ የለውምና። ስለዚህ የአሪዞና ግዛት በ2022 ለግል የተዘጋጁ ሕክምናዎችን የሚመለከት የተለየ ሕግ አወጣ፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሉ።

ይሁን እንጂ እነዚህ ሕጎች ይፈቅዳሉ እንጂ አያስገድዱም። አምራቹ መድኃኒቱን የመስጠት፣ የጤና መድን ድርጅቱም ዋጋውን የመክፈል ግዴታ የለባቸውም። ገንዘብ ለሌለው ሕመምተኛ መብቱ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆንበታል።

ተቆጣጣሪው አካል ዘወትር እንቅፋት ነው የሚለውም ክርክር በሁሉ ዘንድ አይጸናም። በቦስተን በ2018 ለአንዲት ልጅ ብቻ የተሰጠው ሚላሰን የተባለው መድኃኒት፣ በፊላደልፊያም በ2025 ለአንድ ጨቅላ ብቻ የተዘጋጀው የጂን እርማት ሕክምና፣ የተሰጡት በዚሁ አስተዳደር ፈቃድ ነበር። የፊላደልፊያው ማመልከቻ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተፈቅዷል። የቦስተኗ ልጅ የሚጥል ሕመሟ ቢቀንስላትም በ2021 ዐርፋለች፤ ጨቅላው ግን ተሽሎት ከሆስፒታል ወጥቷል። የሁለቱም ሕክምና ሂደት በሕክምና መጽሔት ስለ ታተመ ሌላው ሐኪም ሊማርበት ችሏል።

የ2018ቱ ሕግ በአንጻሩ፣ በእርሱ መንገድ የተገኘ የሕክምና ውጤት የመድኃኒቱን ምርመራ ለማዘግየት ወይም ለመጉዳት እንዳይውል፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር፣ ይከለክላል። በእኔ አስተያየት ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። አንድ ሰው ብቻ የወሰደው መድኃኒት ምን እንዳደረገ በግልጽ ካልታወቀ፣ ተከታዩ ሕመምተኛ ያንኑ አደጋ ሳያውቅ ይጋፈጣል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሕግ በየትም አገር ሲረቀቅ ሦስት ነገሮችን እንዲይዝ እመክራለሁ። አንደኛ፣ ከሐኪሙና ከአምራቹ ነፃ የሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አስቀድሞ ይመልከተው። ሁለተኛ፣ ሕመምተኛው ተስፋውንም፣ ጉዳቱንም፣ ወጪውንም በሚገባው ቋንቋ ይነገረው። ሦስተኛ፣ ውጤቱ በጎም ሆነ ክፉ ሳይደበቅ ይመዝገብ። ተስፋ የቆረጠ ቤተሰብ የቀረበለትን ሁሉ ለመቀበል ዝግጁ ነውና፣ «ይህ አይጠቅምም» የማለቱ ኀላፊነት በእኛ በሐኪሞች ላይ ይወድቃል።